ኑኃሚን ባዶዋን ነበረች?

በነርስነት ዘመኔ፣ ልጃቸውን የቀበሩ እናት «ማንም የለኝም» ሲሉ ምራታቸው ራስጌያቸው ቆማ አይቻለሁ። ያኔ መጽሐፈ ሩት ትዝ አለኝ።

ታሪኩ አራት ምዕራፍ ብቻ ነው። ኑኃሚን ከረሃብ ሸሽታ ሞዓብ ሄደች፤ ባሏንና ሁለት ልጆቿን እዚያ ቀበረች። ቤተ ልሔም ስትመለስ «እግዚአብሔር ባዶዬን መለሰኝ» ብላ አማረረች። ሩት ግን አጠገቧ ነበረች! ተራኪው ኑኃሚንን አይገሥጻትም፤ ዝም ብሎ ያልፋል። የምራቷን ዋጋ የሚነግሯት በመጨረሻ የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። እግዚአብሔር ኀዘንተኛዋን በተአምር ሳይሆን ቃርሚያ በምትለቅም መጻተኛ መገባት።

እኛም አገር፣ በበቃና ቴፒ፣ ቡና ለቀማ ከሩቅ የሚመጡ አሉ።

ዛሬ ማታ ታሪኩን ለልጅ ልጆቻችሁ አንብቡላቸውና ጠይቋቸው፦ ሩት ያን ምሬት ስትሰማ ምን ተሰማት? መጽሐፉ አይናገርም፤ ልጆቹ ግን መልስ አያጡም።