አሯሯጩ፦ ነፋሱን የሚቀበልና ሰዓቱን የሚጠብቅ ባለሙያ

በካፋ ደን ውስጥ ማለዳ በቀጭን የእግር መንገድ የተጓዘ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ከፊት የሚሄደው ሰው በቅጠሉ ላይ ያደረውን ጤዛ በልብሱ እየጠረገ ያልፋል፤ ከኋላው የሚከተለው ግን ብዙም ሳይረጥብ ካሰበው ይደርሳል። ሁለቱ የተጓዙበት መንገድ አንድ ነው፤ የከፈሉት ዋጋ ግን የተለያየ ነው። በረጅም ርቀት ሩጫም ከፊት ሆኖ ይህን ዋጋ ለሌላው የሚከፍል ባለሙያ አለ። በሀገራችን የስፖርት ቋንቋ «አሯሯጭ» ይባላል።

አሯሯጭ ከውድድሩ መነሻ ጀምሮ በተወሰነ ፍጥነት እስከተወሰነ ርቀት ከፊት ይሮጥና ይወጣል። በማራቶን ይህ ርቀት ብዙውን ጊዜ ከግማሹ እስከ 30 ኪሎ ሜትር ባለው መካከል ነው። በማግስቱ ጋዜጣው የአሸናፊውን ስም ሲያወጣ የእርሱ ስም በውጤት ዝርዝሩ ላይ «አቋርጦ ወጣ» ከሚል ቃል ጋር ይቀመጣል፤ ወይም ጨርሶ አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ ሰው በትክክል ምን ሥራ እንደሚሠራና ሥራው በፊዚክስ ሚዛን ቢለካ ስንት እንደሚመዝን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሁለት ሴኮንድ ጉዳይ

መስከረም 29 ቀን 2019 ቀነኒሳ በቀለ የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ፈጸመ። በዚያን ጊዜ የነበረው የዓለም ክብረ ወሰን ኬንያዊው ኤልዩድ ኪፕቾጌ ከዓመት በፊት በዚያው ከተማ ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ39 ሴኮንድ ነበር። ልዩነቱ ሁለት ሴኮንድ ሲሆን፣ ቀነኒሳ በሮጠበት አማካይ ፍጥነት ሲሰላ ከ12 ሜትር አይበልጥም። ከጠቅላላው ጊዜ አንጻር ደግሞ ከ10,000 እጅ 3 እጅ ያህል ነው። ቀነኒሳ የሀገሩን ልጅ ብርሃኑ ለገሰን ካለፈ በኋላ እስከ መጨረሻው መስመር የሮጠው ብቻውን ነበር።

እንዲህ ያለ ጠባብ ልዩነት ባለበት ስፍራ ከፊት ሰው መኖሩና አለመኖሩ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? ጥያቄውን በቁጥር እንመርምረው።

አየሩ ስንት ይመዝናል?

የምንሮጠው በአየር ውስጥ ነው፤ አየር ደግሞ ቁስ አካል ነው። በባሕር ወለል ላይ የአንድ ሜትር ኩብ አየር መጠነ ቁስ ወደ 1.2 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ሯጭ ወደፊት ሲሄድ ይህን አየር ገፍቶ ማሳለፍ ግድ ይሆንበታል። በደረቱ በኩል የአየሩ ግፊት ከፍ ይላል፤ በጀርባው በኩል ግፊቱ ይቀንሳል። የሁለቱ ልዩነት ሯጩን ወደ ኋላ የሚይዝ ኃይል ይፈጥራል። ይህን የአየር ተቃውሞ እንለዋለን። ስሌቱ እንዲህ ነው፦

የአየር ተቃውሞ = ½ × የአየሩ እፍጋት × የቅርጽ መለኪያ × የፊት ስፋት × የፍጥነት ካሬ

ለአንድ ቀጭን የማራቶን ሯጭ የቅርጽ መለኪያውና የፊት ስፋቱ ሲባዙ ወደ 0.45 ካሬ ሜትር ይሆናሉ ብለን እንገምት። የቀነኒሳ የበርሊን አማካይ ፍጥነት 5.78 ሜትር በሴኮንድ ነው። ቁጥሮቹን ስናስገባ ወደ 9 ኒውተን የሚጠጋ ኃይል እናገኛለን። ይህም አንድ ኪሎ ግራም የማይሞላ ዕቃን ከመሬት አንሥቶ ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ኃይሉን በፍጥነቱ ብናባዛው 52 ዋት ይወጣል፤ ሯጩ ይህን ከሁለት ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት ይከፍላል ማለት ነው።

አሁን ከፊቱ ሌላ ሰው እናስቀድም። የፊተኛው ሯጭ የገፋው አየር ከጀርባው ወዲያው አይረጋም፤ በከፊል አብሮት ወደፊት ይጓዛል። ስለዚህ የኋለኛው የሚጋፈጠው አየር ከእርሱ አንጻር ሲታይ ፍጥነቱ ያነሰ ነው። ተቃውሞው ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚሄድ የፍጥነቱ ጥቂት መቀነስ ተቃውሞውን በብዙ ይቀንሰዋል።

ይህን በሙከራ ካሳዩት መካከል እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ግሪፊት ፒው ይገኛል። ፒው እ.ኤ.አ. በ1953 የኤቨረስት ተራራን ጫፍ ከረገጠው ጉዞ ጋር አብሮ የሄደ ተመራማሪ ነበር። በ1971 ባሳተመው ጥናት በ6 ሜትር በሴኮንድ የሚሮጥ ሰው በአንድ ሜትር ርቀት ሌላውን ቢከተል የሚወስደው ኦክስጂን በ6.5 በመቶ እንደሚቀንስ ገለጸ። በ1980 ዴቪስ የተባለ ተመራማሪ ዝቅ ያለ ግምት አቀረበ፤ በእርሱ ስሌት አየሩን ለማሸነፍ የሚወጣው ጉልበት በመካከለኛ ርቀት ሩጫ 4 በመቶ፣ በማራቶን 2 በመቶ ያህል ነው። በ2020 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የቀነኒሳን የበርሊን ሩጫ በኮምፒውተር አስልተው፣ ከአሯሯጮቹ ጀርባ ተገቢውን ቦታ የያዘ ሯጭ የአየር ተቃውሞው ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስለት አሳይተዋል።

ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው መለያየታቸው አያስደንቅም፤ የሯጮቹ ቁመት፣ የነፋሱ አቅጣጫና በመካከላቸው ያለው ርቀት ውጤቱን ይለውጠዋል። ዝቅተኛውን ግምት ወስደን የሚድነው ጉልበት አንድ በመቶ ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ የቀነኒሳ ሰዓት አንድ በመቶ 73 ሴኮንድ ነው። የጉልበት አንድ በመቶ ቀጥታ የሰዓት አንድ በመቶ አይሆንም፤ ይሁንና ከሁለት ሴኮንድ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ማየት ይቻላል።

አሯሯጭ ብቻውን ክብረ ወሰን ይሰብራል ማለት ግን አይደለም። ኪፕቾጌ በ2018 የበርሊኑን ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ የመጨረሻው አሯሯጭ በ25ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወጥቶበት የቀረውን 17 ኪሎ ሜትር ብቻውን ነው የሮጠው።

ሁለተኛው ሥራ፦ ሰዓት መጠበቅ

አሯሯጭ ከነፋስ ከመከለል ሌላ የሰዓት ሥራም አለበት። በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ለመግባት እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ2 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ መሮጥ ያስፈልጋል። አሯሯጩ በየኪሎ ሜትሩ አንድ ሴኮንድ ቢሳሳት በ25ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስህተቱ 25 ሴኮንድ ይደርሳል። ከተፈቀደው በላይ ቢፈጥን ደግሞ ተከታዮቹ ሰውነታቸው ሊያስወግደው ከሚችለው በላይ ድካም ገና በጠዋቱ ይከማችባቸዋል።

ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ መሆናቸውን ቴክኖሎጂ ራሱ አሳይቶናል። ጥቅምት 7 ቀን 2020 ለተሰንበት ግደይ በስፔኗ ቫሌንሲያ የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰንን በ14 ደቂቃ ከ06.62 ሴኮንድ ስታሻሽል፣ በመሮጫው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የተተከሉ መብራቶች በታቀደው ፍጥነት ተራ በተራ እየበሩ ይመሯት ነበር። ያሻሻለችው ሰዓት ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 በኦስሎ ያስመዘገበችው 14 ደቂቃ ከ11.15 ሴኮንድ ነው። መብራት ሰዓትን ይጠብቃል፤ ነፋስን ግን አይከልልም። ስለዚህ መብራቱ ቢመጣም ሰው አሯሯጭ ከሥራው አልተሰናበተም።

ለክብረ ወሰን ሚዛኑ የት ነው?

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ሰዓቱ የማን ነው? ጥቅምት 12 ቀን 2019 ኪፕቾጌ በቪየና 42.195 ኪሎ ሜትርን በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ሮጠ። 41 አሯሯጮች እየተፈራረቁ አጅበውታል፤ አምስቱ ከፊቱ፣ ሁለቱ ከኋላው ተሰልፈው ነበር። ከእነዚህ መካከል የሀገራችን ልጆች ሰለሞን ባረጋና ጫላ ረጋሳ ይገኙበታል። ሰዓቱ በክብረ ወሰንነት አልተመዘገበም፤ ምክንያቱም አሯሯጮቹ መሐል ላይ እየገቡ ስለተተካኩና ዝግጅቱ ክፍት ውድድር ስላልነበረ ነው። በደንቡ መሠረት አሯሯጭ ውድድሩን ከመነሻው ከሌሎች ጋር መጀመር አለበት።

በሴቶች ማራቶን ጉዳዩ የበለጠ ጎልቶ ይታያል። ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 24 ቀን 2023 በበርሊን ወንዶችና ሴቶች አብረው በሮጡበት ውድድር 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ በመግባት የወቅቱን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ሚያዝያ 27 ቀን 2025 ደግሞ ሴቶች ለብቻቸው በተነሡበት የለንደን ውድድር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ገብታ የዚያን ዘርፍ ክብረ ወሰን ያዘች። በሁለቱ መካከል ያለው የ3 ደቂቃ ከ57 ሴኮንድ ልዩነት ሁሉ የአሯሯጭ ነው ማለት አይቻልም፤ ከተማው፣ አየሩና ቀኑ የተለያዩ ናቸውና። ቢሆንም የዓለም አትሌቲክስ ሁለቱን ሰዓቶች በተለያየ መዝገብ ማስፈሩ፣ ከፊት የሚሮጠው ሰው ዋጋ እንዳለው በይፋ እንደመመስከር ይቆጠራል።

ሙያውና ባለሙያው

አሯሯጭነት የደካማ ሯጭ ሥራ የሚመስላቸው አሉ። ቀነኒሳ በ2019 የመጀመሪያውን ግማሽ ያለፈው በ61 ደቂቃ ከ05 ሴኮንድ ነው። በዚህ ፍጥነት ከፊት ሆኖ መምራት የሚችል ሰው በዓለም ላይ ብዙ አይደለም። ታሪክም ይህንኑ ይናገራል። በ1954 ሮጀር ባኒስተር አንድ ማይልን ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4 ደቂቃ በታች ሲሮጥ የመሩት ክሪስ ብራሸርና ክሪስ ቻታዌይ ነበሩ። ብራሸር በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ በመሰናክል ሩጫ ወርቅ ወሰደ፤ ቻታዌይም በዚያው በ1954 የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰን ሰበረ። በሀገራችን ወርቁ ቢቂላ በ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክ በ5,000 ሜትር ስድስተኛ የወጣ ሯጭ ነበር፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1995 በዙሪክ 12 ደቂቃ ከ44.39 ሴኮንድ ሲገባም ከፊት ሆኖ ከመሩት አንዱ እርሱ ነው።

አሯሯጭ ካልወጣም ሊያሸንፍ ይችላል። አሜሪካዊው ፖል ፒልኪንግተን በ1994 በሎስ አንጀለስ ማራቶን በአሯሯጭነት ተቀጥሮ ሳለ ሌሎቹ ስላልተከተሉት እስከ መጨረሻው ሮጦ አንደኛ ወጣ። እንዲህ ያለው አጋጣሚ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው አሯሯጭ ከከተማ ወደ ከተማ እየተጓዘ የሚኖረው በጥሪ ነው። የውድድሩ አዘጋጅ ካልጠራው ሥራ የለውም፤ የተዋዋለበትን ፍጥነት ወይም ርቀት ካልጠበቀ ቀጣዩ ጥሪ ያጠራጥራል። በሌላ በኩል ሙሉውን ማራቶን ስለማይጨርስ ሰውነቱ ቶሎ ያገግማል፤ በዓመት ውስጥ ከዋና ተወዳዳሪው ይልቅ ደጋግሞ ሊሠራ ይችላል።

ከሺሺንዳ ሜዳ ላይ

በሺሺንዳም ሆነ በቦንጋ ያላችሁ ተማሪዎች ይህን በራሳችሁ ልትፈትሹት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ስሌቱን እንሥራ። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ነው። በ4 ሜትር በሴኮንድ የሚሮጥ ተማሪ የሚገጥመው የአየር ተቃውሞ 3.5 ኒውተን ሲሆን የሚወስድበት 14 ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ፍጥነት ከነፋስ መከለሉ እምብዛም አይታወቅም፤ የሰዓት ጠባቂው ሥራ ግን በግልጽ ይታያል።

አንድ ተማሪ ብቻውን የትምህርት ቤቱን ሜዳ ስምንት ጊዜ ይዙር፤ የእያንዳንዱን ዙር ሰዓት መዝግቡ። በሌላ ቀን ደግሞ ጓደኛው በታቀደ ሰዓት እየመራው ያንኑ ይድገም። ከዚያ የዙሮቹን አማካይና ከአማካዩ ያለውን መራራቅ በሁለቱም ቀን አስሉ። የምትጠብቁት ውጤት የሁለተኛው ቀን መራራቅ ማነሱን ነው። ካላነሰም መዝግቡት፤ ምናልባት አሯሯጩ ራሱ ሰዓቱን መጠበቅ አልቻለ ይሆናል። ያን ጊዜ ሙያው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በገዛ ቁጥራችሁ ትረዳላችሁ።

ዛሬ በታላላቅ ማራቶኖች በሯጮች ላይ የሚታሰር ቺፕ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ሰዓት ይመዘግባል። አሯሯጩ እስከ የት እንደመራና በምን ፍጥነት እንደመራ መረጃው አለ ማለት ነው። ስለዚህ ከአሸናፊው ስም በታች «እስከ 25ኛው ኪሎ ሜትር የመራው» ብሎ አንድ መስመር መጨመር የሚከብድ ነገር አይደለም። ሳይንስ የለካውን ሥራ የውጤት ዝርዝር «አቋርጦ ወጣ» በሚል ቃል ሊሸፍነው አይገባም እንላለን።