የውኃ መሳቢያ ሞተርን የቫልቭ ክፍተት ማስተካከል



በርብና በጉማራ ወንዞች ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ለሚያለማ አርሶ አደር ሞተሩ በየካቲት ቢቆምበት ማሳው እስኪጠገን አይጠብቀውም። ሞተር አልነሳ እንዲል ወይም ጉልበት እንዲያጣ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ የቫልቭ ክፍተት መዛባት ነው።

ቫልቭ አየር የሚገባበትንና ጭስ የሚወጣበትን ቀዳዳ የሚከፍትና የሚዘጋ ክፍል ነው። ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል ትንሽ ክፍተት ይተዋል። በብዙ አውቶሞቢሎች በዘይት ግፊት የሚሠራ (ሃይድሮሊክ) ገፊ ይህን ክፍተት ራሱ ያስተካክላል። በአብዛኞቹ አነስተኛ የናፍጣ ውኃ መሳቢያ ሞተሮች ግን እንዲህ ያለ ገፊ ስለሌለ ክፍተቱ የሚስተካከለው በእጅ ነው።

ክፍተቱ ሲሰፋ ሞተሩ "ጠቅ ጠቅ" ይላል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። ሲጠብ ግን ድምፅ አያሰማም። ቫልቩ በደንብ ስለማይዘጋ የታመቀው አየር ያመልጣል፤ ሞተሩ ለመነሳት ያስቸግራል፤ ውሎ አድሮም ቫልቩ ይቃጠላል። ስለዚህ ሞተሩ ድምፅ አላሰማም ብለው አይዘናጉ።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ሥራውን ጠዋት፣ ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቃዛ ሳለ ይጀምሩ። የነዳጅ መዝጊያውን ይዝጉ።

2. ቴስታውን ከውጭ ካጸዱ በኋላ የቫልቩን ክዳን ይፍቱ፤ ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡ።

3. በከባዱ ተሽከርካሪ ብረት (ቮላኖ) ላይ ያለው ምልክት እስኪገጥም ሞተሩን በእጅ ያዙሩ። ሁለቱም ክንዶች ላላ ማለት አለባቸው። አንዱ ቫልቭ ተጭኖ ከተገኘ አንድ ሙሉ ዙር ይጨምሩ።

4. የሞተርዎን መመሪያ ይመልከቱ። ለምሳሌ 0.15 ሚሊ ሜትር የሚል ከሆነ፣ ይህ ቁጥር የተጻፈበትን ስስ የመለኪያ ብረት በክንዱና በቫልቩ ጫፍ መካከል ያስገቡ። የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማስወጫው ልክ ሊለያይ ስለሚችል ሁለቱንም ያንብቡ።

5. ዳዶውን አላልተው ማስተካከያ ብሎኑን በካቻቢቴ ያዙሩ። መለኪያው ትንሽ እየያዘ ከተንሸራተተ ልክ ነው።

6. ብሎኑ እንዳይዞር ይዘው ዳዶውን ያጥብቁ። ሲጠብቅ ክፍተቱ ሊለወጥ ስለሚችል እንደገና ይለኩ።

የጎረቤትዎን ሞተር ልክ ለራስዎ አይጠቀሙ፤ ልኩ እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠሩ ባለሙያ አብሮዎት ይሁን። ሥራውን መስኖ ከመጀመሩ በፊት አጠናቀው ቀኑን ይመዝግቡ፤ ያወቁትንም ለአካባቢዎ አርሶ አደሮች ያሳዩ።