ፀሐይ የበላው ጀልባ

ደንበኛ ደውሎ ገና ሰላምታው ሳያልቅ «እንደ አዲስ ይሆንልኛል?» ይለኛል። ዋጋ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ዋጋው አያስቸግርም፤ በአናፖሊስና በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የጀልባ ፖሊሽ የሚተመነው በርዝመቱ፣ በጫማ ሒሳብ ነው። «እንደ አዲስ» ለምትለዋ ግን ጀልባውን በእጄ ሳልዳስስ መልስ የለኝም። ፎቶ የሚልኩልኝም አሉ። ፎቶ ላይ ያላማረ ጀልባ እስካሁን አልገጠመኝም።

ለማየት ስሄድ ጥቁር ጨርቅና አንድ ጠርሙስ ውሃ እይዛለሁ። ጨርቁን ጣቴ ላይ ጠቅልዬ የጀልባውን ገላ አንዴ አሸት አደርገዋለሁ። ነጭ ብናኝ ይዞ ከተነሣ ፀሐይ ገብቶበታል። ቀጥዬ እዚያው ላይ ውሃ አፈስሳለሁ። ርጥበቱ እስካለ ድረስ ቀለሙ ጥርት ብሎ ከታየ ሥራው ይሳካል፤ በማሽን የምናወጣው መልክም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ረጥቦም ዥጉርጉር ከሆነ ወይም ጥቃቅን ስንጥቆች ከወጡበት፣ ባለቤቱ ገንዘቡን ለቀለም ቀቢ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። ይህን ስነግራቸው ቅር ብሏቸው ሌላ ሠራተኛ የሚፈልጉ አሉ፤ ሁልጊዜም ያገኛሉ።

ፋይበርግላስ ጀልባ የሚሠራው ከላዩ ጀምሮ ወደ ውስጥ ነው። ሞልድ በሚባለው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ መጀመሪያ የሚረጨው ጄልኮት የሚባለው ቀለም ያለው ሬዚን ሲሆን፣ ፋይበሩ ከኋላው ይደረባል። ጀልባው ከሞልድ ሲወጣ እንደ መስታወት የሚያበራው ያ የመጀመሪያው ልባስ ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር፣ ቢበዛ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ሬዚኑን ሲሰባብረው ቀለሙ የሚይዘው አጥቶ ብናኝ ሆኖ ላዩ ላይ ይቀራል፤ ገጹም ጥቃቅን ቀዳዳ እያወጣ ቆሻሻና ውሃ ይይዛል። ነጭ ጀልባ ጉዳቱን ለብዙ ጊዜ ይደብቃል። ጥቁር ሰማያዊና ቀይ ግን ወዲያው ያሳብቃሉ። ከፍታም ነገሩን ያባብሰዋል፦ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጠነክራል፤ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ለምድር ወገብም ቀረብ ብሎ ነው ያለው። ባሕር ዳር ዓመቱን ሙሉ ታስሮ የሚውል ፋይበርግላስ እዚህ ክረምቱን ተሸፍኖ ከሚያሳልፈው ቀድሞ ቢነጣ አይገርመኝም።

ደንበኞቼ ለማመን የሚቸግራቸው ማሽኑ ምንም የማይጨምር መሆኑን ነው። ኮምፓውንድ የሚባለው ሻካራ ማለስለሻ ይልጣል፤ ፖሊሽም ቀስ ብሎ ይልጣል። የሚከፈለኝ ለድምቀት ነው፤ ድምቀቱ ግን የሚወጣው ከዚያ ግማሽ ሚሊሜትር ላይ ነው፤ የተወሰደውም አይመለስም።

ባለፈው ኤፕሪል ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የአገሬ ሰው ደወሉልኝ። ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ባለ 24 ጫማ አሮጌ ጀልባ ገዝተዋል። ጥቁር ሰማያዊ ነበር፤ ሳየው ወደ አመድ ሄዷል። «ልጄ፣ በየጊዜው ሰም እቀባዋለሁ። ለሳምንት ያምርና ይመለሳል» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሰሙ ምን ያድርግ» አልኳቸው፤ «ሊስትሮ እንኳ ጭቃውን ሳያጥብ ቀለም አይቀባም።» ሳቁ። ሰም ብናኙ ላይ ሲቀባ ብናኙን ይዞ ይቀመጣል፤ ለጊዜው ያረጥበዋል እንጂ ገላውን አያገኘውም። በኋላ እኔ የምሠራበትን ቀን ያረዝመዋል፤ ቀድሜ ያን ሁሉ ሰም በማሟሟያ መጥረግ አለብኝና።

ማሽኑን ከመሰካቴ በፊት የማይታይ ጥግ ላይ ክንድ የማይሞላ ቦታ እከልልና እዚያ እሞክራለሁ፤ ከለስላሳው ነው የምጀምረው። ፖሊሽ ብቻ ከበቃ እዚያው አቆማለሁ። ካልበቃ የሱፍ ፓድና ኮምፓውንድ፤ ያም ካቃተው 1,000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣ ከዚያ 1,500፣ ከዚያ ወደ ኮምፓውንዱ መመለስ። የጋሼን ጀልባ ኮምፓውንዱ አነሣው፤ ወረቀት ያስፈለገው ፀሐዩ የሚያርፍበት የቀኙ ጎን አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ብዙ ሠራተኛ ጊዜ ለመቆጠብ በቀጥታ በወረቀት ይጀምራል። ማታ ላይ ጀልባው ያምራል፤ ደንበኛውም ይደሰታል። ከሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ዓመት በኋላ ግን ጥጉ ላይ ከሥር ያለው ፋይበር ብቅ ይላል።

የሱፍ ፓድ ላይ ዋናው ነገር ሙቀት ነው። ግራ እጄን ከማሽኑ ኋላ ኋላ አስከትላለሁ፤ ገላው ከለብታ አልፎ እጅ ማሸሽ ካስመኘኝ ፍጥነቱን እቀንሳለሁ ወይም አንሥቼ እሄዳለሁ። ከ60 በ60 ሳንቲሜትር የሚበልጥ በአንድ ጊዜ አልይዝም፤ ኮምፓውንዱ ይደርቅና ራሱ ይቧጭራል። ጠርዝ ላይ ማሽኑ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ጠርዙ አይዞርም። ከውሃ መስመሩ በታች ያለው ባሕር አረም የሚከላከለው ቀለም መዳብ አለበት፤ እሱን ማሽኑ ከነካው ሰማያዊው ላይ ቀይ ጭረት ተዘርግቶ ይቀራል። ስለዚህ ማስኪንግ ቴፑ ሲለጠፍ አልቸኩልም። ጭንብልም ግዴታ ነው። የጄልኮት ብናኝ ሳንባ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ እኔ ፈቃደኛ አይደለሁም።

እንግዲህ አብዛኛው ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ኮምፓውንድ ውስጥ ዘይት አለ፤ ዘይቱ ጭረቱን ሞልቶ ያበራል። ስለዚህ አንድ ክፍል ስጨርስ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ እጠርገውና የእጅ ባትሪ ከጎን አበራበታለሁ። የክብ ክብ ጭረት ከታየ ሥራው አላለቀም። ደንበኛ አጠገቤ ቆሞ ከነበረ ይህን ማየት አይወድም፤ ደቂቃ በፊት ያማረለትን ነገር አልኮሉ ሲያደበዝዘው «ምን አደረግህ?» ይላል። ጋሼም ብለዋል።

ሰሙና ማሸጊያው ላይ ብዙ ክርክር አለ፤ እኔ ግን ብዙ አላወራበትም። ከብራዚሉ ካርናውባ ዘንባባ ቅጠል የሚወጣው ሰም ድምቀቱ ሞቅ ያለ ነው፤ ጥቂት ወራት ይቆያል። ፖሊመር የሚባለው ማሸጊያ ከዚያ ይበልጣል፤ ሴራሚኩ ደግሞ ከሁለቱም፤ ዋጋውም እንደዚያው፤ ከሥሩ የቀረውን ጭረትም ዓመት ከምናምን ያሽግበታል። ሁሉም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ጨረሩና ቆሻሻው ገላው ላይ ሳይደርሱ በፊት እነሱ ይነካሉ። ጋሼ ሴራሚክ ሰምተው ነበርና ጠየቁኝ። ጀልባውን ማን እንደሚያጥበው ስጠይቃቸው «እኔው ነኛ፣ ሌላ ማን አለኝ?» አሉ። እንግዲያውስ ፖሊመሩ ይበቃቸዋል አልኩ። ብቻ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እንዳያጥቡት፤ ማሸጊያውን ይዞባቸው ይሄዳል።

አንድ ነገር ላይ አልተስማማንም። ከኋላው ላይ የቀድሞው ባለቤት የለጠፈው የጀልባ ስም ነበር፤ ጋሼ አስነሥተው የራሳቸውን ሊያስጽፉ ፈለጉ። ፊደሎቹን በፀጉር ማድረቂያ አሙቄ ስልጣቸው ከሥራቸው ፋብሪካ የወጣው ሰማያዊ ተገኘ፤ ፀሐይ አላየውማ። ፊደሎቹ ተነሥተውም ስሙ ይነበባል። «ይህን አጥፋልኝ» አሉ። ለማጥፋት ዙሪያውን ሁሉ እስከ ፊደሉ ድረስ መላጥ ነበረብኝ፤ ያ ደግሞ ጄልኮቱን ካለበት ግማሽ ያስቀረዋል። «ጋሼ፣ በላዩ ሰፋ ባለ ፊደል እንጻፍ» ብዬ ለመንኳቸው። ተከዙ፣ ከባለቤታቸው ጋር በስልክ ተማከሩ፣ መጨረሻ ላይ እሺ አሉ። በኦክቶበር ጀልባው ከውሃ ሲወጣ ተመልሼ አየዋለሁ፤ አጥበው ከጠበቁኝ ፖሊመሩን ብቻ ደግሜ እቀባለሁ፣ ማሽኑን ከመኪናዬ አላወርደውም።