ያልተፈለገ የኮምፒውተር ለውጥን መቀልበስ፦ የሥርዓት መመለሻ እና የቅጽበታዊ ቅጂ ሶፍትዌሮች ንጽጽር

መግቢያ

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ በሚገኘው የሸኮ ወረዳ ስለ ቡና አመራረት የሚያጠና አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከአርሶ አደሮች የሰበሰበውን መጠይቅ በራሱ ላፕቶፕ ወይም ብዙ ሰው በሚጋራው የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። በሁለቱም ቦታ ያልተፈለገ ለውጥ ያጋጥማል። በፍላሽ የሚተላለፍ ቫይረስ አቃፊዎችን ደብቆ በምትካቸው አቋራጭ ምልክቶችን ያስቀምጣል፤ መብራት ጠፍቶ በመሃል የተቋረጠ የዊንዶውስ ማዘመኛ ኮምፒውተሩ እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችላል፤ አዲስ የተጫነ ፕሮግራምም ከነባሩ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ጋር ይጋጫል። እንዲህ ሲሆን በብዙ ቦታ የሚወሰደው እርምጃ ኮምፒውተሩን «ፎርማት ማድረግ» ነው። ይህ እርምጃ ችግሩን ቢያስወግድም በዲስኩ ላይ ያለውን ሥራ ጭምር ሊያጠፋ ይችላል።

ከፎርማት በፊት ሊሞከሩ የሚገባቸው ሦስት ዓይነት መሣሪያዎች አሉ። ይህ ጽሑፍ የእያንዳንዱን አሠራር ያብራራል፤ የትኛው ለየትኛው ኮምፒውተር እንደሚስማማም ያነጻጽራል። መሠረታዊ ነጥቡ ኮምፒውተርን ወደ ኋላ መመለስ እና የምርምር መረጃን ከጥፋት መጠበቅ የተለያዩ ተግባራት መሆናቸው ነው። ሁለቱ ሲምታቱ ጉዳቱ በመረጃው ላይ ይደርሳል።

የሥርዓት መመለሻ ነጥብ

ማይክሮሶፍት ሲስተም ሪስቶር የተባለውን መሣሪያ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ዊንዶውስ ኤምኢ ነው። መሣሪያው ፕሮግራም ወይም ድራይቨር ከመጫኑ በፊት የሥርዓተ ክወናውን ፋይሎችና ሬጅስትሪውን መዝግቦ «የመመለሻ ነጥብ» ይፈጥራል። ችግር ሲፈጠር ተጠቃሚው ወደ ቀደመው ነጥብ ይመለሳል። የተማሪው የጽሑፍ ሰነዶችና ፎቶዎች በዚህ ሂደት አይነኩም። ይህ ጥንካሬውም ድክመቱም ነው፤ ያልተቀመጠ የድራይቨር ችግርን ያስተካክላል፣ በስህተት የተሰረዘን የመመረቂያ ጽሑፍ ግን አይመልስም። በተጨማሪም አገልግሎቱ በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ ተዘግቶ ስለሚገኝ፣ ችግር ሳይመጣ በፊት መከፈቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በዳግም መነሣት የሚመለስ ኮምፒውተር

ሁለተኛው ዓይነት ለጋራ ኮምፒውተር የተሠራ ነው። ዲፕ ፍሪዝ የተባለው ሶፍትዌር፣ እንዲሁም በዊንዶውስ ኢንተርፕራይዝና ኤጁኬሽን እትሞች የሚገኘው ዩኒፋይድ ራይት ፊልተር፣ በዚህ ምድብ ይመደባሉ። አሠራራቸው በመርሕ ደረጃ ተመሳሳይ ነው፤ ተጠቃሚው የሚጽፈው ሁሉ ዋናውን የዲስክ ይዘት ሳይነካ በጊዜያዊ ቦታ ላይ ያርፋል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ጊዜያዊው ቦታ ይረሳል፤ ቫይረሱም የተለወጠው ቅንብርም አብሮ ይጠፋል።

የዚህ ጥቅም በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ጎልቶ ይታያል። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተናን በኮምፒውተር ስለሚወስዱ፣ በአንድ ቤተ ሙከራ ያሉ ኮምፒውተሮች በተመሳሳይና በታወቀ ሁኔታ ላይ መገኘታቸው ቀላል ጉዳይ አይደለም። በየዳግም መነሣቱ የሚታደስ ኮምፒውተር ይህን ያስገኛል።

አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ጥቅም ነው። ሶፍትዌሩ የማይፈለገውን ቫይረስ ከሚፈለገው መረጃ አይለይም። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ያስገባውን መጠይቅ በዴስክቶፑ ላይ አስቀምጦ ሳለ መብራት ቢጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ፋይሉ አይገኝም። ስለዚህ አስተዳዳሪው ከጥበቃው ውጭ የሆነ የዲስክ ክፍል ወይም የኔትወርክ አቃፊ ለተጠቃሚዎች ማዘጋጀት አለበት። «በዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ ፋይል ይጠፋል» የሚል ማስታወቂያም በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ሊለጠፍ ይገባል። በአንጻሩ የዊንዶውስና የፀረ ቫይረስ ማዘመኛዎች እንዲቆዩ ጥበቃው ለጊዜው ተነሥቶ እንደገና መመለስ አለበት። ይህ ከተዘነጋ ኮምፒውተሩ በየዕለቱ ወደ አሮጌና ተጋላጭ ሁኔታው ይመለሳል።

ቅጽበታዊ ቅጂ

ሦስተኛው በተለምዶ ስናፕሾት የሚባለው ነው። ስሙ ሙሉ ፎቶ ኮፒ ቢያስመስለውም፣ ቅጂው በሚወሰድበት ቅጽበት ብዙ መረጃ አይገለበጥም። የዊንዶውሱ ቮሊዩም ሻዶው ኮፒ አንድ የዲስክ ብሎክ ሊለወጥ ሲል አሮጌውን ይዘት አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ ይገለብጣል። ዜድኤፍኤስ እና ቢቲአርኤፍኤስ የተባሉት የፋይል ሥርዓቶች ደግሞ አዲሱን ይዘት በአዲስ ቦታ ይጽፉና አሮጌውን እንዳለ ይተዉታል። በሁለቱም መንገድ ቅጂው በሰከንዶች ውስጥ ይወሰዳል፤ የሚይዘው ቦታ ግን ለውጡ እየበዛ ሲሄድ ያድጋል። ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች ታይምሺፍት ይህን ሥራ ያቀልላል። ሆኖም ታይምሺፍት በመደበኛ ቅንብሩ የተጠቃሚውን የግል አቃፊ አያካትትም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የግል አቃፊውን ጨምሮ የዲስኩ ሁሉ ቅጂ ሰኞ ተወስዶ፣ ሐሙስ በተፈጠረ ብልሽት ምክንያት ኮምፒውተሩ ወደ ሰኞ ቢመለስ፣ በመካከሉ የገቡት መጠይቆችም አብረው ይሄዳሉ። ሥርዓተ ክወናውና የምርምር መረጃው በተለያዩ የዲስክ ክፍሎች ከተቀመጡ ግን አንዱን ሳይነኩ ሌላውን መመለስ ይቻላል።

ንጽጽር

ሦስቱን ለማነጻጸር ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው «ምን ይመለሳል?» የሚል ነው። ሲስተም ሪስቶር ሥርዓተ ክወናውንና ፕሮግራሞችን፣ በዳግም መነሣት የሚመልሰው የተጠበቀውን ዲስክ በሙሉ፣ ቅጽበታዊ ቅጂ ደግሞ ተጠቃሚው የመረጠውን ክፍል ይመልሳል።

ሁለተኛው «እስከ መቼ?» ነው። በዳግም መነሣት የሚመልሰው የሚያውቀው አንድ የተወሰነ ሁኔታ ብቻ ነው። ሌሎቹ በርካታ ነጥቦችን ይይዛሉ፤ በዊንዶውስ የተመደበላቸው ቦታ ሲሞላ ግን አሮጌዎቹ ይሰረዛሉ።

ሦስተኛውና ወሳኙ «ቅጂው የት ነው ያለው?» የሚል ነው። የሦስቱም መልስ በመደበኛ አሠራራቸው አንድ ነው፤ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ። ዲስኩ ሲበላሽ ወይም ላፕቶፑ ሲሰረቅ የመመለሻው መንገድ አብሮ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ፋይሎችን ከመቆለፍ ባሻገር የዊንዶውስ ሻዶው ቅጂዎችን ለመሰረዝ ይሞክር ነበር። ይህም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ቅጂ ብቻውን መተማመኛ እንዳልሆነ ያሳያል።

ማጠቃለያ

ለጋራ ቤተ ሙከራ በዳግም መነሣት የሚመለስ ሶፍትዌር፣ ከጥበቃው ውጭ ከሆነ የማስቀመጫ ቦታ ጋር ተጣምሮ ተመራጭ ነው። ለተማሪው ላፕቶፕ ሲስተም ሪስቶር ወይም ቅጽበታዊ ቅጂ፣ ከተለየ የመረጃ ክፍል ጋር ይስማማል። በሁለቱም ሁኔታ መጠይቁና የመመረቂያ ጽሑፉ ሌላ ቅጂ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ሊኖራቸው ይገባል፤ ዲስኩም ቅጂው እንዳለቀ ከኮምፒውተሩ ይነቀል። በመጨረሻም መሣሪያው ሲመረጥ መሞከር አለበት፤ ዋጋ የሌለው ፋይል ፈጥሮ መሰረዝና መመለስ ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል። በሸኮ ገጠር ከቤት ወደ ቤት ተዞሮ የተሰበሰበ መጠይቅ ግን ከጠፋ የሚመልሰው ሶፍትዌር የለም፤ ያለው አማራጭ ወደ አርሶ አደሮቹ ደጅ እንደገና መሄድ ነው። ያን ጊዜም የቡናው ለቀማ ወቅት አልፎ ሊሆን ይችላል።