ከአንዲስ ተራሮች እስከ ሸገር በረንዳ

ጓሯችሁን በቆስጣና በሰላጣ ብቻ የምትሞሉ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ላስጎመጃችሁ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ከምድር ወገብ የምትርቀው ደግሞ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ከፍታና የምድር ወገብ ቅርበት እንዲህ የተጣመሩበት ከተማ በዓለም ላይ ብዙ የለም። ካርታ ላይ በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የምትገኘውን ቦጎታን ፈልጓት፤ ከፍታዋ 2,600 ሜትር፣ ከምድር ወገብ ያላት ርቀት 5 ዲግሪ አይሞላም። ኪቶም እንደዚያው ናት። የአንዲስ ተራራ ገበሬዎች ለሺህ ዓመታት ያለመዷቸው ተክሎች እኛ አገር ሲመጡ ባዳነት የማይሰማቸው ለዚህ ነው። ቀዝቃዛውንም ሌሊት፣ ኃይለኛውንም ፀሐይ ያውቁታል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያውቁት የቀኑን ርዝመት ነው፤ እኔን በጣም የሚገርመኝም ይኸው ጉዳይ ነው። ድንችን እንውሰድ። ወደ አውሮፓ የገባው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። ከአንዲስ የሄዱት የመጀመሪያዎቹ ዝርያዎች ኮረት የሚይዙት ቀኑ ሲያጥር ነበር። በሰሜን አውሮፓ የበጋ ቀን 16 ሰዓት ስለሚዘልቅ ተክሉ ቅጠል ብቻ ሲያበዛ ይከርማል፤ ቀኑ አጥሮለት ኮረት መያዝ ሲጀምር ውርጭ ደርሶ ይመታዋል። ረጅሙን ቀን የሚችሉ ዝርያዎች እስኪገኙ ድረስ ብዙ ዘመን አለፈ። ረጅሙን ቀን ለመቻል ምክንያት የሆነውን ዘረመል ተመራማሪዎች ለይተው ያሳወቁት ገና በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ኦካ የሚባለውን የአንዲስ ሥራሥር የሚተክሉ የእንግሊዝ አትክልተኞች ዛሬም ከዚሁ ችግር ጋር ይታገላሉ። በእኛ ሰማይ ግን የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እነሱ በስንት ድካም የሚፈልጉት ነገር ለእኛ በየማለዳው በነፃ ይወጣልናል።

ለጀማሪ የምመርጥለት የፈረንጅ አውጥን ነው። የቲማቲምና የድንች ዘመድ ሲሆን ሳይንሳዊ መጠሪያው ፊሳሊስ ፔሩቪያና ነው፤ የመጣውም ከእነዚያው የአንዲስ አገሮች ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ቢደርስ ነው፣ ትንሽ ቢያልፍም ደግሞ ሸምበቆ ብታስደግፉት ይበቃዋል። ቅጠሉ ጸጉራም ነው። ቢጫ አበባውን ጎንበስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ብታዩት አምስት ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ታገኛላችሁ። አበባው ሲረግፍ ነው እንግዲህ ትርኢቱ የሚጀምረው። ቲማቲም ስትገዙ አናቱ ላይ ተጣብቃ የምታገኟትን አረንጓዴ ኮከብ ታውቋታላችሁ? እሷው ነች እዚህ ማደግ የምትጀምረው። አምስቱ ጫፎቿ ይገጥሙና ፍሬውን ዙሪያውን የሚሸፍን ከረጢት ይሆናሉ። ፍሬው በዚያ ውስጥ ከፀሐይም ከወፍም ተከልሎ ለመብሰል ከ70 እስከ 80 ቀን ይፈጅበታል።

ከረጢቱ አረንጓዴ እያለ እንዳትነኩት! ያልበሰለው ፍሬ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው። ከረጢቱ ደርቆ ገለባ ሲመስል፣ ፍሬውም ወርቃማ ሲሆን ያን ጊዜ ደረሰ ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ራሱ መሬት ላይ ይወድቅላችኋል። ጣዕሙ ጣፋጭም ጎምዛዛም ነው፤ አናናስ አናናስ ይላል፣ ከኋላው ደግሞ ቲማቲምነቱ ይመጣል። ማርማላታ ሲሠራበት በጣም ያምራል። ከከረጢቱ ካላወጣችሁት ደረቅ ቦታ ላይ አንድ ወርና ከዚያም በላይ ይቆያል።

አተካከሉ ቀላል ነው። አንድ የበሰለ ፍሬ ካገኛችሁ ዘር አገኛችሁ። ፍሬውን ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨምቁት፤ የረባው ዘር ወደ ታች ይዘቅጣል። አጥባችሁ ጨርቅ ላይ አድርቁትና በስሱ አፈር አልብሱት። ሁለት ሦስት ሳምንት ካልበቀለ ተስፋ አትቁረጡ፣ ዘገምተኛ ነው። ችግኙ ጠንከር ሲል ሥሩ ወደተበሳሳ ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ አዛውሩት። የገዛ አበባው ብናኝ ስለሚበቃው አንድ እግር ብቻውንም ያፈራል። ፍግ ግን አታብዙበት፤ ከጠገበ ቅጠል ብቻ ያወፍራል፣ ፍሬውን ይረሳዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ በሚወርድበት ሰፈር ከሆናችሁ ሌሊቱን ግድግዳ ሥር አስጠጉት። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ላላችሁ ወገኖቻችንም ይሆናል። ክረምት ሳይገባ ከርክማችሁ ባልዲውን ወደ ቤት ብታስገቡት ከዓመት ዓመት የሚሻገር ተክል ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት ቀድሞ ያፈራላችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ልጆች ላሉበት ቤት ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ግዛዋም ፍሬውን በስስ ከረጢት ነው የሚሸፍነው። የግዛዋ ፍሬ አነስ ያለና ሲበስል ቀይ ነው፤ የሚበላ አይደለም። የተከላችሁትን ለዩ፣ ዱር ያገኛችሁትን አትቅመሱ።

ቦታው ሰፋ ያለ ሰው የዛፍ ቲማቲም ይጨምር። ይህም የአንዲስ ተወላጅ ነው። በሁለት ዓመት ገደማ ያፈራል፤ ልጣጩ ስለሚመር ለሁለት ሰንጥቃችሁ ውስጡን በማንኪያ ትበላላችሁ። እንጨቱ ተሰባሪ፣ ሥሩም ከላይ ከላይ ስለሆነ ነፋስ የማያገኘው ጥግ ፈልጉለት።

ይህን ሁሉ ስል ግን የሚቆጨኝ ነገር አለ። የውጭ ዘር ፍለጋ ስንባዝን ከዓለም ሁሉ እጅግ ብርቅ ከሆኑት የጓሮ ተክሎች አንዱ እዚሁ ደጃችን ላይ እየተረሳ ነው፤ የአገው ድንች። በደቡብ የወላይታ ድንች ይሉታል። ስሙ ድንች ይሁን እንጂ ከድንች ጋር ዝምድና የለውም። ድንች ራሱ ወደ አገራችን የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር አማካይነት እንደሆነ ይነገራል፤ ይሄኛው ግን የአገራችን ተወላጅ ነው። ዘመዶቹ በሶብላ፣ ናናና ጦስኝ ናቸው። ካላመናችሁ ግንዱን በሁለት ጣታችሁ ያዙና አሽከርክሩት፤ እንደ ዘመዶቹ አራት ማዕዘን ነው። ከመሬት በታች ግን ረዘም ቀጠን ያሉ ኮረቶችን ይይዛል፤ ተቀቅለው የሚበሉት እነሱ ናቸው።

የደቡብ ገበሬዎች አያያዝ ውስጥ ልትማሩት የሚገባ ጥበብ አለ። የዘር ኮረቱን እንዳለ አይተክሉትም፤ ቆራርሰው ነው የሚቀብሩት። ከአንዱ ኮረት ብዙ ቡቃያ ያገኛሉ። ቡቃያው ከፍ ሲል ጫፉን ይቀነጥቡታል፤ ተክሉ ወደ ጎን ቅርንጫፍ ያበዛል። ከዚያ አፈር ያስታቅፉታል። አፈር የሚያስታቅፉበት ምክንያት ግልጽ ነው። ኮረቱ የሚያድገው ከግንዱ ሥር በአፈር ውስጥ በሚሳቡ ቀጫጭን ሐረጎች ጫፍ ላይ ነው፤ አፈር የለበሰ ግንድ ብዙ ሐረግ ያወጣል፣ ብዙ ሐረግም ብዙ ኮረት ይይዛል። ለበረንዳ ሰዎች ይህ ምቹ ነው፤ ጆንያ ግማሽ ድረስ አፈር ሞልታችሁ ትተክላላችሁ፣ ተክሉ ባደገ ቁጥር አፈር እየጨመራችሁ የጆንያውን አፍ ከፍ ታደርጋላችሁ።

ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለመድረስ ከግማሽ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። በበልግ ዝናብ ተክላችሁ ክረምቱን ካሳለፋችሁት ከመስከረም በኋላ አፈሩን ከዳር ከዳር ጫር እያደረጋችሁ የኮረቱን መጠን ማየት ትችላላችሁ። ዘሩን ከችግኝ ጣቢያ አትጠብቁ። ወደ አዊ፣ ወደ ወላይታ ወይም ወደ ጋሞ የሚሄድ ወዳጅ ካላችሁ ከገበያ አንድ እፍኝ እንዲያመጣላችሁ አደራ በሉት፤ ከመጣላችሁ ውስጥ ያልተጨማደደውንና ዓይኑ ያበጠውን ለዘር አስቀሩ፣ ሌላውን ቀቅላችሁ በሚጥሚጣ ቅመሱት።