ፈላጊው ብዙ፣ ዋጋው ርካሽ፣ ሻጩ የጠፋ ዕቃ፦ ሞርፊን ከደሴ እስከ መካነ ሰላም

ለነጋዴ አንባቢዎቻችን አንድ እንቆቅልሽ እናቅርብ። ፈላጊው ብዙ ነው። የፓተንት ባለቤት የለውም። ዋጋው በዓለም ገበያ እጅግ ርካሽ ከሚባሉት መድኃኒቶች ተርታ ነው። በፈሳሽ መልክ የሚዘጋጀውም ዱቄቱን በንጹሕ ውኃ በጥብጦ፣ እንዳይበላሽ መጠበቂያ ጨምሮ በጠርሙስ ከመሙላት ብዙም የራቀ አይደለም። እንዲህ ያለ ዕቃ በተራ የገበያ ሕግ ቢሆን ኖሮ ከደሴ በአቀስታ አድርጎ እስከ መካነ ሰላም ባለው መንገድ ላይ በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ በተገኘ ነበር። ግን አይገኝም። ለመሆኑ ምንድን ነው?

ሞርፊን ነው። ካንሰርና ሌሎች ሥር የሰደዱ ሕመሞች ለሚያመጡት ከባድ ሥቃይ የሚታዘዝ፣ በዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ በአገራችን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሠፈረ መድኃኒት ነው። ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ፓሊየቲቭ ኬር፣ ማለትም ሥቃይን ስለ ማስታገስ ሕክምና፣ ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል። በወረቀት በኩል የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም። እንዲያውም ችግሩ የሚጀምረው ከወረቀቱ ብዛት ነው።

ወረቀቱ ከዕቃው ይከብዳል

ሞርፊን እንደ ስኳር ወይም እንደ ጨርቅ ኤል ሲ ተከፍቶለት የሚመጣ ዕቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 በተፈረመውና ኢትዮጵያም በተቀበለችው የናርኮቲክ ስምምነት መሠረት እያንዳንዱ አገር ለሚቀጥለው ዓመት የሚያስፈልገውን መጠን አስቀድሞ ገምቶ፣ ቪየና ለሚገኘው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ ቁጥጥር ቦርድ ያሳውቃል። ተጨማሪ ግምት ካልቀረበ በስተቀር ከዚያ በላይ ማስገባት አይቻልም። ለእያንዳንዱ ጭነት አስመጪው አገር የማስገቢያ ፈቃድ፣ ላኪው አገር ደግሞ የመላኪያ ፈቃድ ይሰጣል። ሁለቱ ካልተገናኙ ዕቃው አይንቀሳቀስም።

እዚህ ላይ ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባ ወጥመድ አለ። ግምቱ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው አምና በታየው ፍጆታ ላይ ተመሥርቶ ነው። አምና ያልመጣ ዕቃ ደግሞ አምና አልተበላም። ያልተበላው «አያስፈልግም» ተብሎ ይቆጠርና የዘንድሮው ግምት አነስተኛ ይሆናል፤ በአነስተኛው ግምት አነስተኛ ዕቃ ይመጣል። የሱቁን ዕቃ ያለቀበት ቸርቻሪ «ባለፈው ወር ምንም አልሸጥኩም፣ ስለዚህ ገዢ የለኝም» ብሎ ሒሳቡን ቢዘጋ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቃል።

ዕቃው አገር ከገባ በኋላም ቢሆን መንገዱ ጠባብ ነው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 በተሰጠው ሥልጣን ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶችን ለብቻቸው ይቆጣጠራል። ሐኪሙ የሚያዘው በተራው የማዘዣ ወረቀት ሳይሆን ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ ልዩ ማዘዣ ነው። መድኃኒቱ የሚቀመጠው በቁልፍ ነው። የወጣው እየተመዘገበ፣ ቀሪው እየተቆጠረ ሪፖርት ይደረጋል። ከዚህ ሁሉ ጀርባ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አለ፤ ናርኮቲክን በሕገ ወጥ መንገድ የሚያዘዋውር ሰው ከአምስት ዓመት የማያንስ ጽኑ እሥራት ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ራሳችሁን በአንድ የወረዳ ከተማ መድኃኒት ቤት ባለቤት ቦታ አስቀምጡ። አንድ ካርቶን ፓራሲታሞል ቢጎድል ኪሣራ ነው፣ ይመዘገባል፣ ይረሳል። አንድ ብልቃጥ ሞርፊን ቢጎድል ግን ጠያቂው ብዙ ነው። ትርፉ በሳንቲም የሚቆጠር፣ ጣጣው በዓመት እሥራት የሚለካ ዕቃ ማን ያከማቻል? ለገጠር መድኃኒት ቤት የተፈቀደው ዝርዝርማ መጀመሪያውኑ አጭር ነው። በመሆኑም ሞርፊን የሆስፒታል፣ ያውም በአብዛኛው የትልልቅ ከተማ ሆስፒታል ዕቃ ሆኖ ቀርቷል። የግሉ ዘርፍ በሩቁ ቢያየው አይፈረድበትም።

ሐኪሙም ከነጋዴው የተሻለ ድፍረት የለውም። በትምህርት ቤት ስለ ሞርፊን ሱስ የተማረው ስለ ሞርፊን አሰጣጥ ከተማረው ይበልጣል። ልዩ ማዘዣው ካለቀ ወይም ጥራዙ ካልመጣ ደግሞ በካዝና ውስጥ ያለው መድኃኒትም ቢሆን የሚወጣበት መንገድ የለም።

የመንገዱ ሒሳብ

ከደሴ እስከ መካነ ሰላም ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መንገዱ የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ በለጋምቦ ደጋ ላይ እየተጠማዘዘ ቦረና ይደርሳል። ከመካነ ሰላም ወዲያ ወግዲ፣ ከለላ፣ ደብረ ሲና፣ ወደ ሰሜን ደግሞ አማራ ሳይንትና መሐል ሳይንት አሉ። ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ አባይን ተሻግሮ ጉንደወይን የሚወጣውም መንገድ የጎጃምን ገበያ ያገናኛል። ለጤፍና ለበግ ነጋዴ ይህ ሁሉ ጥሩ ካርታ ነው። ለታማሚ ግን ሌላ ነው።

አንድ የወግዲ አርሶ አደር እናስብ። ባለቤቱ የማኅፀን በር ካንሰር ይዟታል እንበል። እንደ አብዛኛው የአገራችን ታማሚ የተመረመረችው ሕመሙ ከጠና በኋላ ነው። ጤና ጣቢያ የሰጣት ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ ሌሊቱን አያሻግራትም። የሚያሻግራት ሞርፊን ነው፤ ተራው የሚዋጥ ሞርፊን ደግሞ በየአራት ሰዓቱ የሚወሰድ ነው። በቀን ስድስት ጊዜ ማለት ነው። ይህ አንዴ ተገዝቶ የሚያበቃ ዕቃ ሳይሆን እንደ እህል በየቀኑ የሚፈለግ ፍጆታ ነው።

በአንድ ማዘዣ የሚሰጠው የጥቂት ቀናት ከሆነ፣ ሲያልቅ ተመልሶ መሄድ ይመጣል። መጀመሪያ ከቀበሌው እስከ ወረዳው በበቅሎ ወይም በእግር፣ ከዚያ በቅጥቅጥ እስከ መካነ ሰላም፣ ከዚያ ደሴ። የመኝታ ወጪ አለ። የምግብ ወጪ አለ። የአስታማሚው የሥራ ቀን አለ፤ በአጨዳ ወቅት ከሆነ እሱ ከሁሉ ይበልጣል። አንድ በግ ለመጀመሪያው ጉዞ ይሸጣል፣ ሁለተኛው በግ ለሁለተኛው። መድኃኒቱ በነፃ ቢሰጥ እንኳ ዋጋው ይህ ነው። ደላሎች እንደሚሉት ዕቃው ርካሽ ነው፣ ማጓጓዣው ግን ይበላዋል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይህን ይሸፍን የለም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። መድኑ ለደቡብ ወሎ አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዷ ተሁለደሬ ነበረች። ይሁን እንጂ መድኑ የሚከፍለው በተቋሙ ላለ መድኃኒት ነው። ለአውቶቡስ፣ ለመኝታና ለባከነ የሥራ ቀን አይከፍልም።

በዚህ ላይ የቅርብ ዓመታት ጦርነት አለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴ በጦርነቱ ስትያዝ ሆስፒታሏ ተዘርፏል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭትም መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። መንገድ ሲዘጋ የእህል ዋጋ ይወጣል፣ ሥቃይ ማስታገሻ ግን ዋጋው አይወጣም፤ ጨርሶ ይጠፋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ መቶውን አልፏል። ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ሁሉ ይህን ቀምሶታል፤ ሞርፊንም ዱቄቱ ከውጭ ነው።

ሕንድ ምን ገጠማት?

ቁጥጥር ሲጠብቅ ምን እንደሚሆን ለማየት ከሕንድ የተሻለ ምሳሌ የለም። ሕንድ ኦፒየምን በሕጋዊ መንገድ አብቅላ ለዓለም የምትሸጥ አገር ናት። ጥሬ ዕቃው ከደጃፏ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ጥብቅ የናርኮቲክ ሕግ አወጣች፤ ለጥፋቱ አሥር ዓመት እሥራት ተቆረጠ፣ አንድ ሆስፒታል ሞርፊን ለመያዝ ከተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ፈቃድ ማሰባሰብ ግድ ሆነበት። አንዱ ፈቃድ ሲገኝ የሌላው ጊዜ ያልፍ ነበር። ወደ 600 ኪሎ ግራም ገደማ የነበረው የአገሪቱ ዓመታዊ የሕክምና ሞርፊን ፍጆታ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ 18 ኪሎ ወረደ። የሕዝቡ ሕመም በዚያው ልክ አልቀነሰም። ሕጉን ለማሻሻል እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ ጊዜ ወሰደ፤ ከዚያ በፊት መፍትሔ ያገኘችው አሠራሯን ያቀለለችው የኬራላ ክፍለ ሀገር ብቻ ነበረች ማለት ይቻላል።

አሜሪካ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ መጣች። እዚያ ኩባንያዎች ኦፒዮይድን እንደ ለስላሳ መጠጥ አስተዋወቁ፣ ሐኪሞችም እንደ ልብ አዘዙ፣ ሱሱም አገሩን አጥለቀለቀ። እ.ኤ.አ. በ2016 የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ጠበቅ ያለ መመሪያ አወጣ። ሐኪሞች ከመመሪያው አልፈው ሄዱ። ለዓመታት መድኃኒቱን ሲወስዱ የኖሩ ታማሚዎች በድንገት ተቋረጠባቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው ብሎ አስጠነቀቀ፣ በ2022 ደግሞ መመሪያው ራሱ ተሻሻለ። ያም ሆኖ የአሜሪካው ፍርሃት ያለ ቪዛ ይጓዛል። እዚህ ሞልቶ የማያውቀውን ጋን እዚያ በፈሰሰው ጋን ሒሳብ መክደን ግን የገበያ ሎጂክ አይደለም።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመውን የኮሚሽን ሪፖርት መመልከት ይበቃል። በዓለም በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል ኦፒዮይድ ውስጥ ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ነው። ለነጋዴ ይበልጥ የሚገርመው ሌላው ቁጥር ነው፦ በድሃ አገሮች ከባድ ሥቃይ ላለባቸው ከ15 ዓመት በታች ልጆች ሁሉ የሚያስፈልገውን ለመሸፈን በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ይበቃል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ደህና ቪላ በምን ያህል እንደሚሸጥ ለደላሎቻችን አንነግራቸውም።

ክፍተቱን የሚሞላው ማን ነው?

ሕጋዊው ገበያ ሲዘጋ ፍላጎቱ አብሮ አይዘጋም። የማኅፀን ሕመም ያለባትም፣ ነርቩ የተጎዳው የስኳር ታማሚም ለጎረቤት ይጠይቃሉ፤ ጎረቤትም ትራማዶል የሚባል ነገር ያውቃል። ትራማዶል በሐኪም ማዘዣ ብቻ መሸጥ ያለበት ቢሆንም፣ ያለ ማዘዣ የሚገዛው እንዳለ ማንም አይስተውም። ወጣቱ ለሌላ ዓላማ ይፈልገዋል፤ ስለዚህም ይጠበቅ የሚለው ድምፅ ከየአገሩ ይሰማል። የመድኃኒት ዋነኛ ምንጫችን የሆነችው ሕንድ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ትራማዶልን በናርኮቲክ ሕጓ ሥር አስገባች። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ትራማዶል በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዳይገባ መከሩ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር፤ ሞርፊን በማይደርስባቸው አገሮች ለታማሚ የቀረው እሱ ነው።

ይህ ጸሐፊ ቁጥጥሩ ይነሣ ከሚሉት ወገን አይደለም። ያለ ቁጥጥር የተለቀቀ ኦፒዮይድ ምን እንደሚያደርግ አሜሪካ አሳይታለች። ጥያቄው ቁልፉ ካዝናው ላይ ይሁን ወይስ ታማሚው ላይ የሚለው ነው። ኡጋንዳ በዚህ ረገድ ሞክራለች። ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1993 ከተቋቋመ በኋላ ፈሳሽ ሞርፊን በአገር ውስጥ ተበጥብጦ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ ሕግ ፈቀደላቸው። ያም ሆኖ በላንሴቱ ስሌት ኡጋንዳ የምታገኘው ከሚያስፈልጋት 11 በመቶውን ነው፤ ናይጄሪያ ደግሞ 0.2 በመቶ። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ታማሚን በየቤቱ እየሄደ ሲያስታምም ቆይቷል፤ አዲስ አበባ ግን ከወግዲ ሩቅ ነው።

ለቦረናና ለሳይንት ሰው የሚቀርበው ነገር ከፍተኛ ካፒታል የሚጠይቅ አይመስልም። የልዩ ማዘዣው ጥራዝ ከትልልቅ ሆስፒታሎች አልፎ ሳይቆራረጥ ቢደርስ፣ ከሩቅ ለሚመጣ ታማሚ በአንድ ማዘዣ የሚሰጠው ቀን ቢረዝም፣ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የደሴ ቅርንጫፍም ሞርፊኑን ከሌላው መድኃኒት ጋር በአንድ ጭነት ቢልክ የበጉ ሽያጭ ይቀንሳል። ለባለሀብትም ቢሆን ዱቄቱን አስገብቶ ፈሳሹን የመበጥበጥ ሥራ ትርፉ ቀጭን ይሁን እንጂ ገዢው መንግሥት ራሱ የሆነበት፣ ጨረታው የታወቀ ሥራ ነው። ፈቃዱን የሚጠይቅ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ያጣራ፦ ለሚቀጥለው ዓመት ቪየና የሚላከው ግምት ስንት ኪሎ እንደሚል። የማቅረቢያው ቀን በየዓመቱ ሰኔ 23 ነው።