ካብ የሚፈተነው በነሐሴ ነው

ደብረ ብርሃን ዳር ባለ አንድ ግቢ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ሁለት ጊዜ ክበው ሁለት ጊዜ የተናደባቸውን የድንጋይ ካብ ለሦስተኛ ጊዜ ጀምረዋል። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ቁመቱ 70 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ተዳፋቱን ጓሮ ደግፎ ለጎመን፣ ለቃሪያና ለጤና አዳም የሚሆን ደልዳላ መደብ እንዲያስገኝ የታሰበ። ድንጋይ አልቸገራቸውም፤ ከማሳ የተለቀመ ጥቁር ድንጋይ በጋሪ መጥቶ ደጃፉ ላይ ተቆልሏል። ጉልበትና ትዕግሥትም አላጡም። ካቡ ግን ከፊት ሲያዩት የሚያምር፣ በእጅ ሲገፉት የሚነቃነቅ ሆነባቸው።

ለምክር የተጠራው ግንበኛ 20 ዓመት ያህል ከድንጋይ ጋር የኖረ ሰው ነው። እንደ መጣ የካቡን ፊት አላየም፤ ከጎን ተንበርክኮ ወደ ጀርባው አጮለቀ። ከዚያ ከሁለተኛው ረድፍ አንዱን ድንጋይ በሁለት እጁ ይዞ ሳብ ሲያደርገው ያለ ምንም ትግል ወጣ። የድንጋዩ ፊት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ወደ ውስጥ የገባው ግን አንድ ስንዝር አይሞላም።

«ጋሼ፣ ድንጋዩን በርዝመቱ ከፊት አጋድመውታል» አላቸው።

«ሰፊው ፊቱ እንዲታይ ብዬ ነዋ ልጄ!»

«ርዝመቱን ለውስጥ ይስጡት። ለሚያየው ሰው ጠባቡ ፊት ይበቃዋል።»

ግንበኛው ጀማሪ የሠራውን ካብ ሊያይ በሄደበት ሁሉ የሚያገኘው ስህተት ይኸው ነው። ድንጋይ በርዝመቱ ከፊት ሲጋደም ቦታ ቶሎ ይሸፍናል፤ ሥራውም የፈጠነ ይመስላል። ነገር ግን ከኋላ የሚገፋውን አፈር የሚቋቋመው ክብደቱና ወደ ውስጥ የዘለቀው ርዝመቱ ነው። ጥልቀት የሌለው ካብ ከአፈሩ ፊት የተደገፈ ሰሌዳ ከመሆን አያልፍም።

ስለዚህ አዲሱ ሥራ በማፍረስ ተጀመረ። ቀጥሎ የመጣው፣ ብዙ ጀማሪ የሚዘለው፣ ድንጋይ የመለየት ሥራ ነው። የተቆለለው ሁሉ ሳር ላይ ተበትኖ አምስት ቦታ ተከፈለ፦ ለመሠረት የሚሆኑ ትላልቆቹ፣ ለረድፍ የሚሆኑ መካከለኞቹ፣ ወደ አፈሩ ዘልቀው ካቡን የሚያስሩ ረጃጅሞቹ፣ ለአናት የሚሆኑ ጠፍጣፎቹ፣ ለሙሌት የሚሆኑ ስብርባሪዎቹ። ግማሽ ቀን ፈጀ። መምህሩ ጊዜው እንደ ባከነ ቆጥረውት ነበር፤ በማግስቱ ግን አንድ ድንጋይ ፍለጋ ክምር ሲያገላብጡ መዋል ቀረላቸው።

የመሠረቱ ነገር በደጋው አገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የመምህሩ ጓሮ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ያረፈበትን ሁሉ ያነሣል፣ ይገፋል። ለዚህ ቁመት በጠንካራ መሬት ላይ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጉድጓድ ይበቃ ነበር። እዚህ ግን 30 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ፣ ከሥር የተፈጨ ድንጋይ ተነጥፎ በደንብ ተደቀደቀ። ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከበዱ የሚባሉት ድንጋዮች ሁሉ እዚያ ገቡ፤ ትልቅ ድንጋይ ወደ ላይ ማንሣት ለወገብም ለካቡም አይበጅምና።

ከዚያ በኋላ ያለው በሲባጎ ይመራል። በሁለቱ ጫፍ ሁለት ችካል ወደ አፈሩ ዘንበል ብለው ተተከሉ፤ በመካከላቸው ሲባጎ ተወጠረ፤ አንድ ረድፍ ባለቀ ቁጥር ሲባጎው ከፍ ይላል። ዘንበል የሚለው ልክ ለ60 ሴንቲ ሜትር ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ካብ አፈሩ ትንሽ ሲገፋው ወደ ፊት ይወድቃል፤ ወደ ኋላ ያጋደለው ግን የራሱ ክብደት ወደ አፈሩ ይመልሰዋል።

መጋጠሚያ ላይ ሕጉ አጭር ነው፦ አንዱ ድንጋይ በሁለት ላይ፣ ሁለቱ በአንድ ላይ። መጋጠሚያው ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ከወረደ ካቡ እዚያው ላይ ይከፈላል። በቁመቱ መሐል በየሜትሩ አንድ ረጅም ድንጋይ ወደ አፈሩ ጠልቆ ይገባል።

መምህሩ ባለፈው ጊዜ ከፊት ድንጋዮቹ ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ የሞሉት በአካፋ በተዛቀ አፈር ነበር። ግንበኛው አፈሩን አስወጥቶ በምትኩ ሹል ስብርባሪ ድንጋይ አንድ በአንድ በእጁ ሸጎጠ። አፈር በዝናብ ታጥቦ ይሄድና ክፍተት ይተዋል፤ ድንጋዩም ወደ ክፍተቱ ይሰምጣል። ድቡልቡል የወንዝ ጠጠርም ይንከባለላል እንጂ አይያዝም። ሽብልቅ የሚገባው ደግሞ ከጀርባ ነው፤ ከፊት የተሰካች ትንሽ ጠጠር ዛሬ ብታጠብቅ ነገ ተንሸራታ ትወድቃለች። ረድፉ ሲያልቅ ግንበኛው ወጥቶ ቆመበትና ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛወረ። የተንቀሳቀሰ ድንጋይ ካለ ሌላ ረድፍ ሳይደረብበት ይስተካከላል።

ለምን ሲሚንቶ አይገባም? ጥያቄው በየግቢው ይነሣል፤ መምህሩም አንሥተውታል። ግንበኛው የመለሰላቸው ከሠራው ሳይሆን ከጠገነው ነው። በሌላ ግቢ በሲሚንቶ ተገንብቶ፣ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ሳይተውለት የቀረ የአጥር ድጋፍ በነሐሴ ሆዱን ነፍቶ አግኝቶታል። ከኋላው ያለው ዋልካ በውሃ ጠግቦ አብጧል፤ ውሃው መውጫ አጥቷል፤ ግንቡ በመሐሉ ተሰንጥቋል። ሲሚንቶ ራሱ ጥፋተኛ አይደለም፤ ከሥር ቱቦ ቢቀበርለት፣ ከኋላው ጠጠር ቢሞላለት በቆመ ነበር። ለጀማሪ ያለው አደጋ ግን ስህተትን መሸፈኑ ነው። ያልተያያዘ ድንጋይ በሲሚንቶ ተለስኖ በጋውን ጤነኛ ይመስላል። ያለ ሲሚንቶ የሚካበው ደረቅ ካብ ግን ስህተቱን እዚያው፣ በዚያው ቀን፣ በእጅ ሥር ያሳያል። ለዚህ ነው ግንበኛው ልምምድ የሚሹ ወጣቶችን ሁሉ ከደረቅ ካብ የሚያስጀምራቸው።

ለዚህ አሠራር ትልቁ ትምህርት ቤት እዚሁ አገር ውስጥ አለ። ኮንሶዎች ደረቁን ኮረብታ በደረቅ ካብ እርከን አልብሰው ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ፣ አርሰውበታል። እርከኖቹ አፈሩን ይይዛሉ፣ ውሃውን ያስቀራሉ፣ የተረፈውን ያሳልፋሉ፤ በአንዳንድ ቦታ ቁመታቸው 5 ሜትር ይደርሳል። መንደሮቻቸውም ከአንድ እስከ ስድስት ዙር በሚደርስ የድንጋይ ቅጥር የተከበቡ ናቸው። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ያለ ማያያዣ ድንጋይ የመካብ ጥበብ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ክሮኤሺያን፣ ግሪክንና ጣሊያንን ጨምሮ በስምንት የአውሮፓ አገሮች ስም በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ2024 አየርላንድን ጨምሮ አምስት አገሮች ተጨመሩ። የኛ ወጣት ግንበኞች ሲሠለጥኑ ብሎኬትና ኮንክሪት ይማራሉ፤ ካብም ከዚያው ጋር ሊሰጣቸው ይገባል። ድንጋዩም ባለሙያውም በእጃችን ነው።

የመምህሩ ካብ ስምንት ቀን ወሰደ። መሠረቱን ጨምሮ የገባው ድንጋይ ወደ 4 ቶን ይጠጋል፤ ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ቶን ማንሣት፣ ማዞር፣ ማስቀመጥ ማለት ነው። ወገብ የሚተርፈው በጉልበት ሸብረክ ብሎ፣ ድንጋዩን ከሰውነት አስጠግቶ ሲነሣ ነው። በመዶሻ ሲጠረብ መነጽር የግድ ነው፤ የጥቁር ድንጋይ ፍንጣሪ ዓይን ያጠፋል። በመጨረሻ ከካቡ ጀርባ በ30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስብርባሪ ድንጋይ ተሞላ፤ አናቱ ላይ ጠፍጣፎቹ ተደረደሩ።

ግንበኛው በመስከረም ተመልሶ ሄደ። በሐምሌና በነሐሴ የወረደው ውሃ በታችኛው ረድፍ ክፍተቶች ወጥቶ ሣሩ ላይ መንገድ ሠርቷል። ሆድ የነፋ ቦታ የለም። ከአናት ድንጋዮች አንዱ ይነቃነቅ ነበር፤ መምህሩ ራሳቸው ከጀርባ ሽብልቅ ከተው አጠበቁት።

በዚህ በጋ ካብ ለመጀመር ያሰበ አንባቢ ከ70 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፤ ዝናብ ሳይገባም ይጨርስ። ከ1 ሜትር በላይ የሚቆም፣ ቤት ወይም መንገድ የሚደግፍ፣ ሕፃናት ከሥሩ የሚጫወቱበት ካብ ከሆነ ግን ድንጋዩ ከመምጣቱ በፊት መሐንዲስ መጥቶ መሬቱን ይየው።